ለግቢ የእንጨት ሥራ ቤት የትኛው የአየር ኮምፕሬሰር ይሻላል? (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦ አናጺ ከሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ፣ በመኖሪያ ግቢዬ ጀርባ ባለች በቆርቆሮ የተከደነች ክፍል የእንጨት ሥራ እሠራለሁ። በብዛት የምሠራው ቁም ሳጥን፣ አልጋና የወጥ ቤት ካቢኔት ነው፤ ጥቂቱ ከዋንዛ፣ አብዛኛው ግን ከኤምዲኤፍ ነው። እስካሁን ሲለርና ቫርኒሽ የምቀባው በብሩሽ ቢሆንም፣ የብሩሹ መስመር በሰፋፊ የካቢኔት በሮች ላይ ጎልቶ ስለሚታይና ደንበኞችም የተስተካከለና የለሰለሰ ገጽ ስለሚፈልጉ፣ ቀለምን በአየር ወደመርጨት ለመሸጋገር ወስኛለሁ። ከዚህ ሌላ በአየር የሚሠራ አነስተኛ ሚስማር መምቻና ከማሽን ላይ የእንጨት ብናኝ የማራግፍበት የአየር መንፊያ እጠቀማለሁ።

በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። አንደኛው 2 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሞተሩ ከፓምፑ ጋር በቀጥታ የተያያዘና 24 ሊትር ታንክ ያለው ነው። ሁለተኛው ዘይት የማይፈልግ፣ ድምፁ ዝቅ ያለና 50 ሊትር ታንክ ያለው ነው። ሦስተኛው በቤልት የሚዞር፣ 3 የፈረስ ጉልበትና 100 ሊትር ታንክ ያለው ነው። አንዱ ሻጭ "ዋናው የፈረስ ጉልበቱ ነው" ሲለኝ ሌላው "ታንኩ ትልቅ ከሆነ ሌላው ግድ የለም" ይለኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያለውን የሊትር ቁጥር ያሳየኛል።

መብራቴ ሲንግል ፌዝ ነው። ወደ ሥራ ቤቱ የሚሄደው ገመድ ከቆጣሪው ወደ 25 ሜትር ይርቃል፤ ምሽት ላይ ኃይሉ ሲቀንስ አምፖሉ ሲደበዝዝ ይታያል። በግቢው ውስጥ ሕፃን ልጅ ያላቸው ተከራዮች ስላሉ የድምፁ ነገርም ያሳስበኛል። የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ በቅድሚያ መመልከት ያለብኝ የትኛውን እንደሆነ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የማሽን ጥገና ባለሙያ

ወንድሜ፣ ከጠቀሷቸው ሦስት ነገሮች መቅደም ያለበት ማሽኑ በደቂቃ የሚሰጠው የአየር መጠን ነው። የፈረስ ጉልበት የሞተሩን አቅም እንጂ ከፓምፑ የሚወጣውን አየር አይነግርዎትም። ታንክም የተመረተውን አየር ያጠራቅማል እንጂ አየር አያመርትም፤ ስለዚህ ደካማ ፓምፕ ላይ የተገጠመ ትልቅ ታንክ ለመሙላትም ያንኑ ያህል ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ሂሳቡን ከኮምፕሬሰሩ ሳይሆን ከሚገጥሙበት መሣሪያ ይጀምሩ። ሚስማር መምቻው በአንድ ምት የሚወስደው አየር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከሦስቱ ማሽኖች ማናቸውም ያሠሩታል። የአየር መንፊያው ብዙ አየር ቢወስድም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚከፈት አያሳስብም። ውሳኔውን የሚወስነው የቀለም መርጫው ነው፤ ምክንያቱም አንድ የካቢኔት በር እስኪያልቅ ድረስ ያለማቋረጥ አየር ይፈልጋል። ኤችቪኤልፒ የሚባለው የተለመደ መርጫ እንደ አሠራሩ በደቂቃ ከ230 እስከ 400 ሊትር ይወስዳል። እኔ ለሂሳቡ 250 ሊትር የሚወስደውን አስባለሁ።

አሁን ሻጩ ወዳሳየዎት ቁጥር እንምጣ። በትንንሽ ኮምፕሬሰሮች ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሊትር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ በደቂቃ የሚጠርገው ይዘት ነው፤ በግፊት ታምቆ በትክክል የሚወጣው አየር በእንዲህ ዓይነት ባለ አንድ ደረጃ ፓምፕ ከዚያ ከ60 እስከ 70 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ተጨማሪ ቅናሽ አለ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የከተማዋ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 82 በመቶ ያህሉ ነው። ፓምፑ በየምቱ የሚስበው ይዘት ያው ቢሆንም አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ወደ ታንኩ የሚገባው በዚያው ልክ ያንሳል።

በዚህ መሠረት 200 ሊትር ተብሎ የተጻፈበት ባለ 24 ሊትር ማሽን በተግባር ወደ 130 ሊትር ይሰጣል፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ ይህ ወደ 107 ይወርዳል። መርጫው 250 ሲፈልግ በየደቂቃው 143 ሊትር ይጎድላል ማለት ነው። ጉድለቱን የሚሞላው በታንኩ ውስጥ ያለው ክምችት ነው። ግፊቱ ከ8 ወደ 5.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) እስኪወርድ ድረስ 24 ሊትር ታንክ 60 ሊትር ያህል አየር ይለቃል፤ ይህም የሚያረጭዎት 25 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ስለሚዋዥቅ ቀለሙ በእኩል መድቀቁን ትቶ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ያርፋል። በአንጻሩ 360 ሊትር የተጻፈበት በቤልት የሚዞር ባለ 100 ሊትር ማሽን ሐዋሳ ላይ ወደ 192 ሊትር ይሰጣል፤ ጉድለቱ 58 ሊትር ብቻ ስለሆነና ታንኩም 250 ሊትር ስለሚለቅ፣ ከአራት ደቂቃ በላይ ሳያቋርጡ መርጨት ይችላሉ። አንድ በር ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ቀጣዩን በር እስኪያመቻቹም ታንኩ ይሞላል።

የተጻፈውን ማመን አይጠበቅብዎትም፤ ሱቁ ውስጥ ራስዎ ሊለኩት ይችላሉ። የታንኩን አየር ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፣ መውጫውን ይዝጉ፣ ማሽኑን ያስነሡና ጌጁ ከዜሮ እስከ 8 ባር የሚደርስበትን ጊዜ በስልክዎ ይያዙ። የታንኩን ሊትር በ8 አባዝተው በወሰደው ደቂቃ ሲያካፍሉት የማሽኑ አማካይ ምርት ይወጣል። 100 ሊትር የሆነው ታንክ በ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 192 ሊትር ነው፤ 7 ደቂቃ ከፈጀ ግን 114 ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ምንም ቢል። ፓምፕ ግፊቱ ከፍ ሲል ስለሚደክም፣ ከ6 እስከ 8 ባር ያለውን ጊዜ ለብቻው ቢይዙት ደግሞ በሥራ ላይ የሚያገኙት ቁጥር ይበልጥ በትክክል ይወጣል። ሙከራው እዚያው ሐዋሳ ከተደረገ የከፍታው ቅናሽ በውጤቱ ውስጥ ስለሚካተት ሌላ መቀነስ አያስፈልግም። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ጋ አይግዙ እላለሁ።

ስለ ድምፅ፦ በቀጥታ የተያያዘው ዓይነት ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በደቂቃ 2,800 ዙር ገደማ ስለሚዞር በጣም ይጮኻል፤ ቶሎም ይግላል። ዘይት የማይፈልገው ብዙውን ጊዜ በግማሹ ፍጥነት ስለሚዞር ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነው። አየሩም ከዘይት የጸዳ መሆኑ ለቀለም ይመቻል፤ ሆኖም የፒስተኑ ማኅተም በጊዜ ብዛት ሲበላ ምትኩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በቤልት የሚዞረው በመካከል ያለ ነው፤ ፓምፑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ድምፁ ወፍራም እንጂ የሚያደነቁር አይደለም። የፒስተኑ ፋሻም ኩሽኔታውም ቤልቱም እዚሁ አገር ውስጥ ይገኛል፤ ማንኛውም ደህና መካኒክ ፈትቶ ይጠግነዋል። እኔ የማምነው በሦስተኛው ነው።

መልስ 2፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን የ25 ሜትሩ ገመድ ጉዳይ ሳይፈታ ባለ 3 የፈረስ ጉልበቱን ማሽን እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።

3 የፈረስ ጉልበት 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 15 አምፔር ይወስዳል። ሲነሣ ግን ለአጭር ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ሊስብ ይችላል። ገመድዎ ብዙ ቤት ውስጥ ለአምፖል የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ፣ የመዳብ ገመዱ ደርሶ መልስ 0.58 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ይህም በሥራ ላይ 9 ቮልት፣ በሚነሣበት ቅጽበት ደግሞ ወደ 40 ቮልት ገመዱ ላይ ይበላል። ምሽት ላይ ቆጣሪው ጋ 200 ቮልት ብቻ ካለ ሞተሩ የሚደርሰው 160 ነው። የሞተር የማስነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወርድ የሚቀረው ጉልበት ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ሳይዞር ያጓራል፤ ለማስነሣት የሚረዳው ካፓሲተር ይሞቃል፤ ቶሎ ካልጠፋም የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል። የብዙ ኮምፕሬሰሮች ሞተር የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከቆጣሪው ሰሌዳ ለኮምፕሬሰሩ ብቻ የሚሆን 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ ከመሬት ገመድ ጋር ያስዘርጉ፤ የራሱ 20 አምፔር ብሬከርም ይኑረው። ብሬከሩ የሞተርን ማስነሻ የሚችል ዓይነት ይሁን። በዚህ ገመድ የሚነሣበት ቅጽበት ኪሳራ ወደ 16 ቮልት ይወርዳል። በተጠቀለለ ማራዘሚያ በፍጹም አይጠቀሙ። ሥራው ከማሽኑ የሚርቅ ከሆነ የሚረዝመው የአየር ጎማው እንጂ የኤሌክትሪክ ገመዱ አይሁን። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የሚሸጡት አነስተኛ ስታብላይዘሮች የሞተሩን መነሻ ስለማይችሉ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ሁለተኛው ማሳሰቢያ መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን ይመለከታል። ማሽኑ ታንኩ ሞልቶ በራሱ ሲቆም "ጵስስ" የሚል አጭር ድምፅ ይሰማሉ። ይህ የግፊት መቆጣጠሪያው በፓምፑ ራስ ላይ ታምቆ የቀረውን አየር ሲያስወጣ ነው፤ በዚህም ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጫና ይነሣል። በሥራ መሀል መብራት ድርግም ሲል ግን መቆጣጠሪያው እንደበራ ስለሚቀር ያ አየር አይወጣም፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ በሙሉ ጫና ላይ ለመነሣት ይገደዳል። መብራት እንደጠፋ ወዲያውኑ የማሽኑን ማጥፊያ ዝቅ ማድረግን ልማድ ያድርጉት፤ ያን ጊዜ ያው ድምፅ ይሰማል፤ አየሩም ይወጣል።

ሌላው ደግሞ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ልኮት እየተሸጠ ያለ ማሽን ሊያጋጥምዎት ይችላል። 110 ቮልት መሆኑን ትራንስፎርመር ቢያስተካክለውም የ60 ኸርዝ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አብዝቶም ይሞቃል። የመደበኛ ሞተሮች አቅም የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ በመሆኑ፣ 1,700 ሜትር ላይ ስሱ አየር በራሱ ማቀዝቀዙን ይቀንሰዋል። በዚህ ላይ ሌላ የሙቀት ምክንያት መጨመር አይገባም።

መልስ 3፦ ቀለም ቀቢ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ የምሠራው አዳማ ነው፤ ከተማችን በከፍታ ከሐዋሳ ጋር እኩል ናት ማለት ስለሚቻል የመጀመሪያው መላሽ ያወጡት ሂሳብ እኛም ዘንድ ይሠራል። ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም፤ ጥያቄው ኮምፕሬሰሩን ወደ መርጫው ማሳደግ ብቻ ሳይሆን መርጫውን ወደ ኮምፕሬሰሩ ማውረድም ሊሆን ይችላል። ኤልቪኤልፒ የሚባለው የመርጫ ዓይነት በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሊትር ብቻ ይወስዳል። 1.3 ሚሊ ሜትር አፍ ያለውን ዓይነት ለሲለርና ለላከር ብንጠቀም፣ በትክክል ተለክቶ 130 ሊትር የሚሰጥ ባለ 2 የፈረስ ጉልበትና 50 ሊትር የቤልት ማሽን ለአንድ ሰው ሥራ ይበቃል። ለመብራቱም፣ ለጎረቤትም የሚቀለው ይህ ነው። ጉዳቱ መርጫው ቀስ ያለ መሆኑ ነው። ሰፊ በር ላይ ሁለተኛው መስመር ሳይደርስ የመጀመሪያው እንዳይደርቅ፣ በተለይ እንደ አዳማ ባለ ሙቀት፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር መጠቀም ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልተነሣው ትልቁ ጉዳይ ግን ውሃ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ የሐይቅ ከተማ ናት። በ25 ዲግሪ ሙቀትና በ70 በመቶ እርጥበት በደቂቃ 100 ሊትር የሚስብ ማሽን ለአንድ ሰዓት ቢሠራ፣ አየሩ ታምቆ ሲቀዘቅዝ ወደ 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ይወጣዋል፤ አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ማለት ነው። ይህ ውሃ ታንኩ ሥር ይተኛል ወይም በጎማው ውስጥ አልፎ በቀለሙ ላይ ይረጫል። ያን ጊዜ በላከሩ ላይ ዓሣ ዓይን የመሰሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ይታያሉ፤ በክረምት ደግሞ ከክፍሉ እርጥበት የተነሣ ገጹ ላይ ነጭ ደመና ይጋረዳል። የመጀመሪያው የሚድነው አየሩን በማድረቅ ሲሆን ሁለተኛው ዝናብ ሲዘንብ ባለመርጨት ነው።

ብዙ ሰው የውሃ ማጣሪያውን ከኮምፕሬሰሩ መውጫ ላይ በቀጥታ ይገጥመዋል። እዚያ ላይ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃው በእንፋሎት መልክ እንዳለ ማጣሪያውን ያልፍና ጎማው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ጠብታ ይሆናል። ማጣሪያው መገጠም ያለበት አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከማሽኑ ሰባት ስምንት ሜትር ርቆ፣ በመርጫው በኩል ነው። የታንኩንም ውሃ ማታ ሥራ ሲያበቁ ጥቂት ግፊት እያለ ከሥር ይክፈቱት፤ መጀመሪያ የዛገ ውሃ፣ ቀጥሎ ጭጋግ፣ በመጨረሻ ንጹሕ አየር ሲወጣ ይዝጉት። የእንጨት ብናኝ ባለበት ቤት የአየር ማስገቢያውን ማጣሪያም ቶሎ ቶሎ ማራገፍ ያስፈልጋል። አዳማ ላይ ነፋሱ ከሚያመጣው አቧራ የተነሣ እኛ ይህን በደንብ እናውቀዋለን።

ኮምፕሬሰሩን ከሚረጩበት ክፍል ውጪ፣ ዝናብ የማይነካው ጥላ ሥር ያድርጉት። የግፊት መቆጣጠሪያው በበራና በጠፋ ቁጥር ብልጭታ አለው፤ የቲነር ትነት ደግሞ እሳት ፈላጊ ነው። ለራስዎም የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ይግዙ፤ ለብናኝ የሚሆነው የጨርቅ ጭንብል የቲነርን ትነት አያስቀርም።

ጠያቂው፦ አናጺ ከሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገመዱን ተመልክቼ 1.5 መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ስለዚህ ማሽን ከመግዛቴ በፊት በ4 አስቀይረዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ የሚዘጋ ጋራዥ ያገለገለ ባለ 100 ሊትር የቤልት ማሽን ከአዲሱ በግማሽ ያህል ዋጋ ሊሸጥልኝ ነው፤ በሙከራውም ጥሩ ይሞላል። ነገር ግን ታንኩ በቅርቡ ቀለም የተቀባ ሲሆን ከሥሩ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል በብየዳ የተለጠፈ ቦታ አለው። ልግዛው? ሁለተኛ፣ ከውጪ ወደ ክፍሉ አየር ለማስገባት ለውሃ የሚሆነውን የፒቪሲ ቧንቧ በግድግዳው ላይ ልዘርጋ አስቤያለሁ። ይሆናል?

መልስ 4፦ የማሽን ጥገና ባለሙያ

ታንኩን አይግዙ። እዚያ ላይ ብየዳ የተለጠፈው ውሃው የሚተኛበት ቦታ ከውስጥ ዝጎ ስለተበሳ ነው፤ አንድ ቦታ የተበሳ ታንክ ደግሞ በዙሪያው ያለው ቆርቆሮም ሳስቷል። ከውጪ በተቀባው አዲስ ቀለም ሥር ምን ያህል ውፍረት እንደቀረ በዓይን አይታወቅም። በ8 ባር የታመቀ 100 ሊትር አየር ሲፈነዳ ብረቱን ቀዶ ይወረውረዋል፤ ሕፃን በሚጫወትበት ግቢ ውስጥ ይህን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። እንዲህ ያለ ታንክ የሚፈተነው በአየር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ በሆነ የውሃ ግፊት ነው፤ ምክንያቱም ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ታንኩ ቢቀደድ እንኳ አይፈነዳም። ፓምፑና ሞተሩ ደህና ከሆኑ ግን እነሱን ብቻ ለይተው እንዲሸጡልዎት ይደራደሩና አዲስ ታንክ ላይ ያስገጥሟቸው። ያን ጊዜ ሴፍቲ ቫልቩም አዲስ ይሁን፤ ቀለበቱ ሲሳብ አየር መልቀቁን፣ ሲለቀቅም መልሶ መዝጋቱን ያረጋግጡ።

ስለ መርጫው የአዳማው ወንድማችን ያነሡት ሐሳብ ተገቢ ነው። ሥራዎ ለጊዜው በሳምንት ጥቂት በሮች ከሆነ እሳቸው ያሉትን ባለ 2 የፈረስ ጉልበት የቤልት ማሽን ከአነስተኛው መርጫ ጋር ይውሰዱ፤ ረዳት ቀጥረው በየቀኑ የሚረጩ ከሆነ ግን ባለ 3ቱ ላይ እጸናለሁ።

የፒቪሲውን ነገር ይተዉት። ፒቪሲ በታመቀ አየር ሲሰበር እንደ መስታወት ስለታም ፍንጣሪ ሆኖ ይበተናል፤ ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ያደክመዋል። በዚያ ፋንታ ግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ የብረት ቧንቧ ይዘርጉና ከማሽኑ እየራቀ ሲሄድ ትንሽ ዝቅ እንዲል ያድርጉት፤ መጨረሻው ላይም ወደ ታች የሚወርድ አጭር ቁራጭ ከነመክፈቻው ይኑረው፤ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል። ወደ መርጫው የሚሄደውን ቅጥያ ከቧንቧው ታች ሳይሆን ከላዩ በኩል አውጥተው ወደ ታች ያጥፉት፤ እንዲህ ሲሆን በቧንቧው ወለል ላይ የሚፈሰው ውሃ ወደ ማጣሪያው አይገባም። ማሽኑና ቧንቧው የሚገናኙት ደግሞ በአጭር ጎማ ይሁን፤ በቀጥታ በብረት ከተያያዙ ከማሽኑ ንዝረት የተነሣ መጋጠሚያው እየላላ አየር ያመልጣል።